ይድረስ ለተረጂዎች ዝርዝር፣ ባሉበት ፍላሽ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ?

ሰሞኑን በየሄድኩበት ስለማይዎት ደህና መሆንዎን አልጠራጠርም። ፎቶኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ፣ ከሰው የሠርግ ፎቶ አጠገብ ተቀምጠዋል። የሾፌሮች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም «ለመረጃ ያህል» ተብለው ደርሰዋል። ስምዎ ደግሞ «ተረጂ የመጨረሻ የታረመ አዲሱ 2» ሆኗል። እንኳን ተዋለዱ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለአንድ ሰው በወር የሚሰፈረው 15 ኪሎ ስንዴ ነው። ለዚህች ስንዴ ብለው የተረጂዋን ሴትዮ ስም እስከ አያት ያውቃሉ። ስልኳን፣ የጣት አሻራዋን፣ የቤቷን ጂፒኤስ ይዘዋል። «ምርመራ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ደግሞ ጎረቤቷ የማያውቀው ኤችአይቪዋ ተጽፏል። ስንዴው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ የእርስዎን ጥያቄ ግን የሚመዝን የለም። «ፈቃደኛ ነሽ?» ይሏታል፣ ልጅ አዝላ ሰልፍ ላይ ቆማ። እምቢ ብትል ምን እንደሚቀርባት ታውቃለች። በአውራ ጣቷ ፈረመች።

«ምን አለበት?» ይሉኝ ይሆናል። ባንግላዴሽ ያሉ የሮሂንጋ ስደተኞችም እርዳታ ለማግኘት ነበር የተመዘገቡት። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳወጣው፣ መረጃቸው በባንግላዴሽ መንግሥት በኩል ለማይንማር ተሰጠ፤ ሸሽተው ላመለጡት መንግሥት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ደግሞ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መረጃ መጠለፉ ታወቀ። ከ515 ሺህ በላይ ሰዎች፤ ከቤተሰብ የተለያዩ፣ የጠፉ፣ የታሰሩ። እነዚያ ጠላፊዎች ቢያንስ ደክመዋል። የእርስዎ ፓስወርድ ግን 1234 ነው፤ እሱም ከእርስዎ ጋር በዚያው መልእክት ይላካል።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ዶነሩ አምጡ ይላል፣ ቀበሌው አምጡ ይላል። የተረጂ ቁጥር ብቻ የሚበቃው ሁሉ ስም ይጠይቃል። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2023 የእርዳታ እህል ተዘርፏል ተብሎ ስርጭት ከቆመ ወዲህ ምዝገባው ጠብቋል። ደግ ነው፣ ሌባ ይጠበቅ። ግን እህሉን ከሌባ ለመጠበቅ የተሰበሰበው ስም ራሱ ጠባቂ አጣ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ቢሮ ውስጥ ያነበበው ካለ እጁን ያውጣ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። «ምርመራ» ውስጥ ያለውን ለሐኪም ይተዉት። ሪፖርት ሲጠየቁ ቁጥርዎን ልከው ስምዎን ቤት ያስቀምጡ። ስርጭቱ ተጠናቆ ኦዲቱ ካለፈም ይጥፉልን፤ ከሪሳይክል ቢን ጭምር።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦ ለማንም አልተላከም። እንዲህም ይቻላል።