ማስተካከያ፦ ስለ አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች የረዳት ወጪና ስለ ራምፕ (የዊልቸር መወጣጫ) ልኬት

ለሐዋሳ ድርጅቶች የሰው ኃይል ክፍሎች ባሠራጨነው መረጃ ላይ «ረዳት የሚያስፈልገው ሠራተኛ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል» ያልነው ስህተት ነው። በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት ረዳት የመመደብ ኃላፊነት የአሠሪው ነው። በአካል ጉዳቱ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የሚከስ ሠራተኛም የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አድልዎ አለመኖሩን የሚያስረዳው ተከሳሹ ነው። «ከአቅሜ በላይ ነው» የሚል አሠሪ ካለ፣ ወጪው ከድርጅቱ መጠንና ከሠራተኛው ብዛት አንጻር ይመዘናል እንጂ በቃል ብቻ አይታለፍም። ሠራተኛው በሥራ ቦታው እንዲደረግለት የሚፈልገውን ማስተካከያ በጽሑፍ ጠይቆ ቅጂውን ቢይዝ ይሻላል።

የራምፑም ልኬት ተሳስቷል። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ ብለን ነበር፤ እንዲህ ያለው ቁልቁለት (ሲሚንቶ ለመቆጠብ ሲባል ብዙ ቦታ ይታያል) ዊልቸሩን ወደ ኋላ ሊገለብጥ ይችላል። በ1 ለ12 ስሌት (ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት) ቢያንስ 1.80 ሜትር ይሁን።