አራት ኖታና አንድ ቃጠሎ

የእህቴ ልጅ አሮጌ ጊታር ከተገዛለት ሦስት ሳምንቱ ነው። ባለፈው እሑድ ቡናው እየተቆላ ሳለ አጠገቤ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ይቺን ስማኝማ» አለኝ። አንዷን ክር ብቻ መርጦ መጀመሪያ ባዶዋን መታት፤ ቀጥሎ ሦስተኛው ፍሬት (ጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት ክፍፍል) ላይ፣ ከዚያ አምስተኛው ላይ ይዞ ደገማት። ይሄኔ እናቱ ከጓዳ ሆና የቀረውን አንጎራጎረችለት። እህቴ ሮክ ሰምታ አታውቅም፤ የባንዱን ስም ብትጠየቅም አትመልስም። ዜማውን ግን ታውቀዋለች። ልጁ በዚህ ይደሰታል ስል አንገቱን ደፋ። ለካ አስተማሪው «እሱን ተው፣ የጀማሪ ነው፣ ሰው ሁሉ የሰለቸው ነው» ብሎታል።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ «የጀማሪ ነው» የሚለው ቃል ነው። ከአንድ አስተማሪ ብቻ የሰማሁት ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ሙዚቀኛ ወዳጆቼም ይሉታል፤ ቀላል ዜማ የሚያፍሩበት ነገር የሆነ ይመስል። እኔ ደግሞ ዘፈኑ እንዴት እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም ባይ ነኝ።

ዘፈኑ የእንግሊዙ ቡድን የዲፕ ፐርፕል «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ነው፤ በእኛ «ጭስ በውኃው ላይ» እንደ ማለት። አምስቱ ሙዚቀኞች አዲስ አልበም ሊቀዱ ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ሞንትሮ ሄዱ። የሮሊንግ ስቶንስን ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ፣ ማለትም መቅረጫ የተገጠመበትን ትልቅ መኪና፣ ተከራይተዋል። ሐሳባቸው የከተማዋ ካሲኖ ለክረምቱ ሲዘጋ ባዶ አዳራሹ ውስጥ ለመቅረጽ ነበር። ከመዘጋቱ በፊት የቀረው የአሜሪካዊው ሙዚቀኛ የፍራንክ ዛፓና የባንዱ ኮንሰርት ብቻ ነው። ቀኑ ኅዳር 24 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 4 ቀን 1971 ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው)። ኮንሰርቱ መሀል ላይ ከታዳሚው አንዱ የብርሃን ምልክት መተኮሻ ሽጉጥ ወደ ኮርኒሱ ተኮሰ። ካሲኖው ነደደ። የሞንትሮን የጃዝ ፌስቲቫል የመሠረተው ክሎድ ኖብስ እየሮጠ ይገባና ወጣቶችን እየጎተተ ያወጣ ነበር። የሞተ ሰው የለም። የዲፕ ፐርፕል ልጆች ካረፉበት ሆነው፣ ጭሱ ወርዶ ሐይቁ ላይ ሲተኛ በመስኮት ተመለከቱ።

የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ለማየት አይቸገርም። ቃጠሎው የሆነው ኅዳር ከታጠነ ገና በ12ኛው ቀን ነው። ኅዳር 12 ማለዳ የየሰፈሩ ቆሻሻ ሲነድ፣ ጭሱ ወደ ላይ መውጣት እንዳቃተው ሁሉ ጣሪያ ለጣሪያ ሲንፏቀቅ ያየ ሰው ርዕሱን ሲሰማ ሥዕሉ ወዲያው ይመጣለታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ችግር በችግር ነው። ፓቪሊዮን የሚባል ቲያትር ቤት ተገኘላቸውና ሌሊት ሥራ ጀመሩ። የጊታሪስቱ የሪቺ ብላክሞር ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር የዜማ ሐረግ) ላይ የተመሠረተ፣ ገና ስም ያልወጣለት አንድ ሙዚቃ እየቀረጹ ሳለ ጎረቤት በጩኸቱ ተማሮ ፖሊስ መጣ። ዕቃ የሚጭኑላቸው ሠራተኞች በሩን ከውስጥ ተደግፈው ያዙት። ፖሊስ ከውጭ ይገፋል፣ ውስጥ ቴፑ ይዞራል። ያቺን አንዷን ሙዚቃ እንደጨረሱ ተባረሩ።

ቀጥሎ ያገኙት ግራንድ ሆቴል የተባለ፣ ለክረምት ተዘግቶ ባዶውን የቆመ ቀዝቃዛ ሕንፃ ነው። ኮሪደሩ ላይ ተደረደሩ፤ ድምፁ እንዳያስተጋባ ፍራሽ አቆሙ። መቅረጫ መኪናው ውጭ ስለቆመ፣ የቀዱትን መልሶ ለመስማት የሚፈልግ ሰው በመኝታ ክፍሎችና በበረንዳዎች በኩል አልፎ ብርዱ ውስጥ መውጣት አለበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰለቻቸውና መልሰው መስማቱን ተዉት። ተጫውተው «ይሄ ሆኗል» ካሉ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ አንዲት ስንኝ 40 ጊዜ እየተቀዳች እየተቆራረጠች ለምትገጣጠምበት ዘመን ይህ እብደት ነው የሚመስለው። ለእኔ ግን የዚያ አልበም ትንፋሽ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

አልበሙ ሲደመር ጥቂት ደቂቃ ጎደለው። ያኔ ነው ፖሊስ በር ሲደበድብ የተቀዳችውን ሙዚቃ ያስታወሷት። ቤዝ ተጫዋቹ ሮጀር ግሎቨር ከቃጠሎው በኋላ በአንዱ ማለዳ ከእንቅልፉ ሲባንን ርዕሱ በአፉ መጥቶለት ነበር። ዘፋኙ ኢያን ጊለን የዕፅ ዘፈን ይመስላል ብሎ ቢያመነታም አብረው ግጥሙን ጻፉት። ግጥም ብዬ ጠራሁት እንጂ የውሎ ማስታወሻ ነው። ሞንትሮ መጣን፤ ዛፓ ሲጫወት አንድ ጅል ሽጉጥ ተኮሰ፤ ቦታው ነደደ፤ ክሎድ ልጆቹን እያወጣ ይሮጥ ነበር፤ ከዚያ ግራንድ ሆቴል ገባን፣ ባዶና ቀዝቃዛ ነበር። በቃ። ፍቅር የለበት፣ ፉከራ የለበት፣ ምክር የለበት። የሰው ስም አለ፣ የቦታ ስም አለ፣ የሆነው በሆነበት ቅደም ተከተል ተነግሯል።

ዕድሜ የሰጠው አንደኛው ነገር ይህ ነው እላለሁ። እኛ በራሳችን አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ ፈረንጆች የዘፈኑልን ሕዝብ ነን። የረዱንን አመሰግናለሁ፣ ገንዘቡም ሕይወት አድኗል። ግን ያኔ ከእንግሊዝ አገር የመጣው ዘፈን ዝናብም ወንዝም የሌለበት ምድር ብሎ ሲገልጸን፣ ዓባይን ለያዘ አገር የተጻፈ አይመስልም ነበር። ለማን እንደሚዘፍን አላየም። ጊለንና ግሎቨር ግን በመስኮት ያዩትን ጻፉ። ደግሞም ይህ ስለ ራሳቸው ችግር ብቻ የሚያወራው ዘፈን ኋላ ለሌላው ደረሰ። በ1988 አርመንን ብዙ ሕዝብ የጨረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ በማግስቱ ዓመት የታወቁ የሮክ ሙዚቀኞች ተሰባስበው ለተጎጂዎች መርጃ እንደገና የቀረጹት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሪፉ ነው፤ ያ አስተማሪ የናቀው። በአጠቃላይ አራት ኖታ ነው። ብላክሞር ግን በአንድ ክር አይጫወተውም። ሁለት ጎረቤት ክሮችን፣ መምቻ ፒኩን ትቶ፣ በጣቶቹ እኩል ይስባቸዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ድምፅ ጥላዋን ይዛ ትወጣለች። ቀጥሎ የከበሮ መቺው የኢያን ፔይስ ሲምባል ይንሾካሾካል። ጆን ሎርድ ሃሞንድ ኦርጋኑን በጊታር ማርሻል አምፕሊፋየር አሳልፎ እዚያው ዜማ ላይ ይጨምርበታል፤ የቱ ጊታር፣ የቱ ኦርጋን እንደሆነ ጆሮ ይምታታበታል። ከበሮው ሞልቶ ይገባል፣ በመጨረሻ ቤዙ ከሥር ይመጣል። ማገርና ጭቃ አንድ በአንድ ሲያያዝ ቆሞ የማየት ያህል ነው። ቀላልነት ማለት የሥራ ማነስ ከመሰለን ይህን መግቢያ ደጋግመን እንስማ።

እህቴ ከጓዳ ሆና ያንጎራጎረችውም እንዲያው አይደለም። ከሪፉ አራት ኖታዎች ሦስቱ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ውስጥ ያሉ ናቸው። ክራር በዚያ ቅኝት ተቃኝቶ ሲመታ የመጀመሪያዋ ሐረግ ያለ ችግር ትወጣለች። ሁለተኛዋ ሐረግ ላይ ግን ቅኝቱ ውስጥ የሌለች አንዲት ድምፅ ብቅ ትላለች፤ ስድስተኛው ፍሬት ላይ ያለችዋ። ከብሉዝ የመጣች ናት። ጆሯችን የሚያውቀውን ሲጠብቅ እሷ ጎን ትወጋዋለች፣ ወዲያው ወደ አምስተኛው ትመለሳለች። ሰው ዜማውን የማይረሳው በዚያች በአንዷ ምክንያት ነው።

ነጠላ ዜማ ሆኖ የወጣበትን መንገድ ደግሞ የእኛ አሳታሚዎች ቢሰሙት ደስ ይለኛል። ቡድኑ ሂት ይሆናል ብሎ ያመነው ይህን አልነበረም። «ኔቨር ቢፎር» የተባለ ሌላ ዘፈናቸው ነበር፤ በ1972 ነጠላ ሆኖ ወጣ፣ ሩቅ አልሄደም። አልበሙ «ማሺን ሄድ» በዚያው ዓመት መጋቢት ገበያ ገባ። መሙያ ሆና የገባችው ዘፈን ግን መድረክ ላይ እያደር ጉልበት አገኘች፤ በነሐሴ ጃፓን ውስጥ በቀጥታ የተቀረጸው ይመሰክራል። አሜሪካ ውስጥ ነጠላ ሆና የወጣችው በግንቦት 1973 ነው፤ አልበሙ ከወጣ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ለሬዲዮ እንዲመች አሳጥረው። በዚያው ዓመት በአሜሪካው የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ በቢልቦርድ ላይ 4ኛ ደረሰች። እና ይህ ሲሆን ጊለንና ግሎቨር በሰኔ መጨረሻ ቡድኑን ለቀው ወጥተዋል። ርዕሱን ያለመውም፣ ግጥሙን የዘፈነውም ዘፈኑ እዚያ ደረጃ ሲደርስ ከቡድኑ ጋር አልነበሩም።

እኛ ዘንድ ዛሬ ዘፋኝ ስቱዲዮ ሲገባ የሚጠየቀው «ሂት አለህ ወይ?» ተብሎ ነው። አምና የተሰማው ይደገማል፣ በሳምንት ስንት ሰው አየው ተብሎ ይቆጠራል፣ ያልሄደው በወሩ ይጣላል። ዓመት የሚጠብቅለት ሰው ቢያገኝ ስንት ዘፈን በተረፈ ነበር። ሞንትሮ ሐይቁ ዳር ለዚያች የመሙያ ዘፈን ሐውልት አቁማለች፤ የሪፉ ኖታ ተቀርጾበታል።

ይህን ሁሉ እሑድ ዕለት ለልጁ ነገርኩት፤ የፖሊሶቹን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ አንዷን ክር ትቶ ሁለቱን በአንድ ላይ በጣቶቹ መሳብ ሞከረ። ቶናው ሲቀዳ ገና ስድስተኛው ፍሬት ላይ ይስት ነበር፤ እናቱ ከጓዳ ሆና በድምጿ ታርመዋለች።