ማስተካከያ፦ ስለ ወባና ስለ ሙቀት የጻፍኩት

ባለፈው ስለ ወባ ስጽፍ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ፤ ይቅርታ። አንደኛ፣ «ሙቀት በጨመረ ቁጥር ወባም ይጨምራል» ብያለሁ። እንደዛ አይደለም። የወባ ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በትንኟ ሰውነት ውስጥ ማደግ አለበት፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት 20 ዲግሪ ላይ 4 ሳምንት ገደማ ሲፈጅበት 25 ዲግሪ ላይ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። አብዛኞቹ ትንኞች ደግሞ 4 ሳምንት አይኖሩም። ደጋውን ሲያተርፈው የኖረው ይሄ ነው። በሌላ በኩል ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በጣም ካለፈ ትንኟ ራሷ ቶሎ ትሞታለች። ስለዚህ የአየር ንብረቱ መሞቅ ይበልጥ የሚያሰጋው ደጋውን ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። «ከ2000 ሜትር በላይ ወባ የለም» ብዬ ነበር። ይህን አንብቦ አጎበሩን ያነሳ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከ2000 ሜትር በላይ ያሉ ቦታዎችንም መትቶ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የደብረ ዘይት አካባቢ ጥናት ደግሞ ሞቅ ባሉ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል። ትኩሳት ከያዛችሁ «እኛ ደጋ ነን» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሄዳችሁ ተመርመሩ።