ከቀብር በኋላ የደረሰ መልእክት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት ረቡዕ ማለዳ «እማማን ትንሽ አሟቸዋል፤ ዛሬውኑ ድረስ» የሚል አጭር የጽሑፍ መልእክት ከወንድሙ ደረሰው። መልእክቱ የተላከው ሰኞ ማታ ነበር፤ እናቱ ደግሞ ማክሰኞ ተቀብረዋል። አቤቱታ ሲያቀርብ የቴሌኮም ድርጅቱ የመለሰለት ወንድሙ ለመልእክቱ የከፈለው ሳንቲም ሊመለስ እንደሚችል ብቻ ነው።

ይህ መልስ የቴሌግራፍ ኩባንያዎች ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ረትተው ያለፉበት ነው። ፕሪምሮዝ የተባለ የፊላደልፊያ ሱፍ ነጋዴ «ገዝቻለሁ» ለማለት «ቤይ» የሚል የምስጢር ቃል ወደ ካንሳስ ላከ፤ በሞርስ፣ ማለትም በቴሌግራፍ የነጥብና የሰረዝ ምልክት፣ አንዲት ነጥብ ተጨምራ «ባይ»፣ ማለትም «ግዛ»፣ ሆኖ ስለደረሰ ወኪሉ ሱፉን ሸመተ፤ ነጋዴውም ከ20,000 ዶላር በላይ ከሰርኩ ብሎ ከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1894 እ.ኤ.አ.፣ ላኪው ተጨማሪ ከፍሎ መልእክቱን ለማመሳከር ስላላስደገመ፣ የሚመለስለት የመላኪያው 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ብቻ ነው አለ። በምስጢር ቃል ለተላከ የንግድ መልእክት ይህ ብዙም አይከፋም፤ ኩባንያው ኪሳራውን ከየት ያውቃል?

ለጎረቤቴ የሚቀርበው ግን የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1881 እ.ኤ.አ. የሰጠው ፍርድ ነው፤ የእናቱ ሞት በወቅቱ ሳይነገረው ከቀብር ለቀረ ሰው ሐዘኑ ራሱ ሊካስ ይችላል ብሎ ነበር፤ አብዛኞቹ ሌሎች ፍርድ ቤቶች አልተከተሉትም እንጂ።

የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1799 ካሳን የሚለካው አስተዋይ ሰው ከውሉ አለመፈጸም ሊደርስ ይችላል ብሎ በሚገምተው ጉዳት ነው። መርዶ በስልክ በማይነገርበት አገር «ትንሽ አሟቸዋል፤ ድረስ» ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው ዳኛ አይኖርም። ሆኖም ከድርጅቱ ጋር ያለው ውል የወንድምየው እንጂ የጎረቤቴ አይደለም፤ ጎረቤቴ ከውል ውጭ ቢከስ ደግሞ በቁጥር 2116 የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ይህ ዛሬ ለለቅሶ ድንኳን ኪራይ እንኳ አይበቃም።

ድርጅቱ የሰው መልእክት እንዲያነብ ማንም አይፈልግም፤ ስለዚህ ተጠያቂነቱን በመልእክቱ ይዘት ላይ ሳይሆን በዝምታው ላይ መመሥረት ይሻላል። ወንድምየው «አልደረሰም» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ለግቢው ጥበቃ ይደውል ነበር፤ ስልኩ ግን «ተልኳል» ስላለው ተኛ።

ጎረቤቴ ሳንቲሙን አልተቀበለም። የጠየቀው መልእክቱ ከሰኞ ማታ እስከ ረቡዕ ማለዳ የት እንደቆየ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ እሱም እስካሁን አልደረሰውም።