ማስተካከያ፦ የተሰረቀ ጠመንጃ የሚለየው በምንድን ነው?

ስለተሰረቁ የጦር መሣሪያዎች ቀደም ሲል በቀረበው መረጃ «ደረሰኝና ፎቶግራፍ ባለቤትነትን ለማረጋገጥ ይበቃሉ» ተብሎ ነበር። በሚከተለው ይታረም። መለያ ቁጥር ያልሰፈረበት ደረሰኝ ግዢ መፈጸሙን ያሳያል እንጂ ፖሊስ እጅ የገባው ጠመንጃ ያው መሆኑን አያሳይም። አንድ ሞዴል ያላቸው ጠመንጃዎች በመልክ አይለያዩማ!

ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ፋብሪካዎች ተመሳሳይ ቁጥር ሊመቱ ይችላሉ። አምራቹ፣ ሞዴሉና የጥይቱ ልክ አብረው ይጻፉ። የሚገለበጠው በዋናው አካል ላይ የተመታው ቁጥር ነው፤ ሰደፍ ይቀየራል፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ቁጥር ደግሞ የመነጽሩ ብቻ ነው። ዜሮን «ኦ» (O)፣ 1ን «አይ» (I) ብሎ መጻፍ ፍለጋውን ከመነሻው ያበላሸዋል። ይህ የተጻፈበትን መዝገብ ከመሣሪያው ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ (ብዙዎች የሚያደርጉት ነው) ሁለቱንም ለሌባ ማስረከብ ነው።

በዚያው መረጃ የተሰረቀ መሣሪያን ስለማግኘት «ዓመታት ካለፉ ተስፋ የለውም» የተባለውም ይሰረዝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የመሣሪያ መከታተያ ሰነድ የማምረቻ መዝገብ ቢያንስ 30 ዓመት እንዲቆይ ይጠይቃል። በዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት በኢንተርፖል «አይአርምስ» (የተሰረቁና የጠፉ መሣሪያዎች የመረጃ ቋት) የተመዘገበ መሣሪያም ድንበር ተሻግሮ ሊለይ ይችላል፤ ወደ ቋቱ የሚያስገባው ግን ፖሊስ እንጂ ባለቤቱ አይደለም።