ይድረስ ለክቡር የዊንዶውስ የጋራ ፎልደር

ጉዳዩ፦ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ፋይሌ ላይ የደረሰብኝን ክልከላ ይመለከታል።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከትናንት ማታ ወዲህ ደህና አይደለሁም።

ታናሽ እህቴ የሠርጓን ቪዲዮ ልትወስድ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ራውተር ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። «አሁኑኑ በኔትወርክ አሳልፍልሻለሁ» ብዬ ፎከርኩ። የኮምፒውተሬ ስም በላፕቶፗ ላይ ብቅ አለ፤ ነካነው። ያ አረንጓዴ መስመር በአድራሻው ሣጥን ውስጥ እየተጎተተ መጣ፤ ዳር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ መልስዎ ደረሰን፦ የስሙን አጻጻፍ አረጋግጡ! ዝርዝሩን ብንጠይቅ ደግሞ ዜሮ ኤክስ 80070035 የሚል ቁጥር ሰጡን።

ክቡርነትዎ፣ እኛ እኮ ምንም ስም አልጻፍንም። ስሙን ጽፈው ያሳዩን እርስዎ ራስዎ ነዎት።

በስም ቢቀር በአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሬ በኔትወርኩ ላይ በሚታወቅበት ቁጥር፣ መጣን። አሁን በሩ ተገኘ፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ተጠየቅን። በየማለዳው ኮምፒውተሬን የምከፍትበትን ፒን አስገባሁ። ትክክል አይደለም። ለካስ ፒን የሚሠራው በተፈጠረበት ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ በኔትወርክ ለሚመጣ የአካውንቱ ሙሉ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ይህን በዚያች ሣጥን ላይ ጽፎ መለጠፍ ክብርዎን የሚነካ ሆኖ ነው? እሺ ብዬ በእህቴ ስም አዲስ አካውንት ከፈትኩላት። ስሟን አስገባች፣ የይለፍ ቃሏን አስገባች፣ ፎልደሩን አየች፤ ስትከፍተው «ፈቃድ የለሽም» ተባለች።

በማጋሪያው ገጽ ላይ «ሁሉም ሰው» ብዬ ፈቅጃለሁ እኮ! ሌላ የፈቃድ መዝገብ በደኅንነት ገጹ ላይ ተደብቆ ኖሯል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናውም የሚከለክለው ነው።

ስማ! ቤቱ የእኔ፣ ዲስኩ የእኔ፣ ሙሽራዋ ራሷ አጠገቤ ቆማለች። ማንን ከማን ነው የምትጠብቀው? የገዛ ሠርጓን እንዳትሰርቅ ነው? መከልከልህንስ ከልክል፤ ምክንያቱን መናገር ምን ያስከፍልሃል? አንድ መስመር! አንድ!

ይቅርታ፣ ወደ አክብሮቴ ልመለስ።

የቆየውን ቅሬታ አላበዛውም። የመኝታ ቤቴን ኔትወርክ እንደ ካፌ ኔትወርክ «የሕዝብ» ብለው መዝግበውታል። ለተራው ሰው የተሠራው የቤት ውስጥ ፋይል ማጋሪያ፣ ሆምግሩፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከዊንዶውስ 10 ሲነሳ ዝም ብያለሁ። ኤስኤምቢ 1 የተባለው አሮጌ የፋይል ማጋሪያ ቋንቋ መዘጋቱንም አልቃወምም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ በእሱ ቀዳዳ ገብቶ ስንቱን አምሷል። ነገር ግን በዚያ ቋንቋ ብቻ የሚሠራው አሮጌው የፋይል ማከማቻዬ ከኔትወርኩ ሲጠፋ የሰጡኝ መርዶ ያው የስም አጻጻፍ ነበር።

ቪዲዮውን በመጨረሻ ወደ ፍላሽ ልንገለብጠው ሞከርን። ፍላሹ ባዶ ቢሆንም የተደራጀው ፋት 32 በተባለው የቆየ የፋይል አቀማመጥ ነውና 4 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል አይቀበልም። እሱም ከለከለን፤ ነገር ግን «ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው» ብሎ በግልጽ ተናገረ። በፍላሽ ፊት እንዲህ መበለጥዎ አሳዝኖኛል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለራውተሩ፣ እንዲያውቀው፤
ለፋየርዎሉ፣ እንደ ልማዱ እንዲከለክለው፤
ለእህቴ፣ ደብዳቤው ከ4 ጊጋባይት በታች ስለሆነ በፍላሽ።