ስምንተኛው ዘጠነኛውን ወለደ

ላፕቶፔ ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ ኢንቴል የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው የኮምፒውተር አንጎል (ፕሮሰሰር) በትውልድ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን አዲስ ነው። ባትሪው ከሞተ ሦስት ዓመት ስላለፈው፣ ለበዓል ተገዝቶ ግቢ ውስጥ እንደታሰረ በግ ከሶኬቱ አይርቅም። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ከ«መ» እስከ «ሞ» ያለውን ቤተሰብ የሚጽፈው ቁልፍ መሞቱ ነው። ይህን ወግ ስጽፍ እንኳ አንዷ በመጣች ቁጥር ከሌላ ጽሑፍ እየቀዳሁ ነው የምለጥፋት። ለመሥሪያ ቤት ሰዎች «መልካም በዓል» ማለት ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ብዬ አልፋለሁ። ሰው ግን «ምነው፣ መንፈሳዊ ሆነ» እያለ ያማኛል።

«ታዲያ አዲስ አትገዛም?» የሚሉኝ ሰዎች ነገሩ አልገባቸውም። እኔ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እየገዛሁ ነው።

በዚያ ዓመት እቁብ ደረሰኝና 32 ሺህ ብር ይዤ መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ወጣሁ። ሻጩ ከመደርደሪያው አንድ «ስላሽ» አወረደልኝ። ስላሽ ማለት ውጭ አገር ትንሽ ተሠርቶበት የመጣ ማለት ነው፤ «ትንሽ» የምትለዋ ቃል የሻጩ ናት። ክዳኑን በእጅጌው ጠረገና፣ «ኮር አይ ፋይቭ፣ ስምንተኛ ጀነሬሽን። ጋሼ፣ ዛሬ ይውሰዱት፣ ነገ ይጨምራል» አለኝ። «ነገ ይጨምራል» የማይል ሻጭ አይቼ ስለማላውቅ ሳቅሁ። ለአክስቴ ልጅ ደወልሁለት። እሱ ኮምፒውተር ያውቃል፤ የዘመድ አዝማዱ ስልክ ሲበላሽ የሚነካካው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ እንዳትገዛ! አሥራ ሁለተኛው ወጥቷል፤ የእነዚህ ዋጋ ይወርዳል። ትንሽ ጠብቅ።»

ጠበቅሁ። በሻጩ መደርደሪያ ላይ ስምንተኛው ዘጠነኛውን ወለደ፤ ዘጠነኛውም አሥረኛውን ወለደ። ማቴዎስ ከአብርሃም እስከ ዳዊት 14 ትውልድ ይቆጥራል። ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ2023 ልክ 14ኛው ላይ ደርሶ ስሙን «ኮር አልትራ» አለና ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ጀመረ። እኔ ዳዊት ላይ ሲደርስ እገዛለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ዳዊት ሲወለድ ግን የአክስቴ ልጅ፣ «ይሄ እኮ አሥራ ሦስተኛው ነው፣ ልብስ ቀይሮ የመጣ። አልትራውን ጠብቅ» አለኝ።

አልትራውን ስጠብቅ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት 75 ተጠጋ፤ ብዙ ሳይቆይም መቶን ዘለለ። ሮጬ ያንኑ ሕንፃ ወጣሁ። ሻጩ አወቀኝ። ያንኑ ስምንተኛ፣ አሁን ጥጉ ተፍቆ፣ 45 ሺህ ብር አለኝ። «ብዬዎት ነበር» አላለም፤ ጨዋ ሰው ነው። ክዳኑን በእጅጌው ጠረገ ብቻ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት፣ «በግስ ሲቆይ ይሰባል፤ ይሄ ምኑ ሰብቶ ነው?» አለች።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ደግሞ መላ አመጣች። «ኅዳር ድረስ ጠብቅ። ከምስጋና ቀን ማግስት ዋጋው ይወድቃል፤ ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ።» ሰው መጣ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፦ የሕፃን ልብስ፣ ቫይታሚን፣ ለእናቴ ጫማ። የእኔ ዕቃ፣ ከፋሲካ በኋላ ከሚመጣው ሰው ጋር ነው ተባልሁ። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ላፕቶፔ ለሚሠራበት ዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ፣ ጥቂቶቹ ሲቀሩ፣ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን አያስገባም። እንግዲህ ያ በ32 ሺህ ብር የናቅሁት ገብቶ ሲቀመጥ፣ የእኔ ስድስተኛ ሰርግ እንዳልተጠራ ጎረቤት ደጅ ቀረ። ይህ ሳያንስ ራም የሚሉት የኮምፒውተር ጊዜያዊ ማስታወሻ ተወደደ፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ማዕከላት እየተሻሙበት ነው አሉ። የአክስቴ ልጅ ግን አልተናወጠም። «ይረጋጋል። ትንሽ ጠብቅ።» እሱ ራሱ በመሀሉ ሁለት ላፕቶፕ ገዝቷል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ቡና እየቆላች ስትሰማ ቆየችና፣ «አንተ እኮ እኔንም ለማግባት ሰባት ዓመት ጠብቀሃል። የስንተኛውን ትውልድ እየጠበቅህ ነበር?» አለችኝ። ጭሱ ዓይኔን ስላቃጠለኝ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ትናንት ማታ ሻጩ በቴሌግራም፣ «ጋሼ፣ ከስምንተኛው አንድ ቀርታለች። መቼ ይመጣሉ?» ብሎ ጻፈልኝ። በላፕቶፔ ላይ «መጋቢት» ልለው ጀመርሁ፤ ቁልፉ እምቢ አለ። «የካቲት» ያለችግር ይጻፋል፤ ግን በጣም ይቀርባል።

«ሰኔ» አልሁት።